ከካስማው በላይ ያለው ጎጆ

ቨርና ሄግዳል ወንዝ ስትለቅና ስትይዝ ፀጉሯ ሸብቷል። በአውራጃው መብራት ኃይል ውስጥ የውሃው ነገር የእሷ ነው፤ በዚህ ሰዓት ይህን ያህል በተርባይኖቹ ይለፍ፣ በዚያ ሰዓት ይህን ያህል ይያዝ እያለች ለግድቡ ሰዎች ትነግራለች። የአሜሪካውን ኮሎምቢያ የሚያህል ወንዝ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ መነጽሬን ያያችሁ በምትል ቀጭን ሴት ቃል ከፍ ዝቅ ይላል ቢባል የሚያምን የለም። ግን እንደዚያ ነው። ላይ ያሉት ግድቦች የሚልኩትን መቀበል ግዴታዋ ቢሆንም፣ ከእሷ ግድብ በታች ያለው ውሃ በየሰዓቱ የሚሆነው እሷ ያለችውን ነው።

ይህ ሥራ በመከር ተገላቢጦሽ ይሆናል። ሌላ ጊዜ ሰው ሲነቃ ግድቡም ይነቃል፤ ምድጃው ሲበራ፣ የፖም መጋዘኖቹ ማቀዝቀዣ ማጓራት ሲጀምር ውሃው ይለቀቃል። በጥቅምትና በኅዳር ግን ቨርና ቀን ቀን ወንዙን ዝቅ አድርጋ ትይዝና ሌሊት ትለቀዋለች። የዚህ ሁሉ ምክንያት ሳልመን የሚባለው ዓሣ ነው። ከባሕር ድረስ ሽቅብ ዋኝታ የመጣችው ሴቷ ሳልመን በጅራቷ ጠጠሩን ቆፍራ እንቁላሏን የምትቀብረው በብርሃን ነው፤ ሲጨልም አትቆፍርም። ቀን ውሃው ዝቅ ካለ ጎጆዋን፣ ማለትም የእንቁላሉን ጉድጓድ፣ ዝቅ ብላ ትሠራለች፣ ከፍ ካለ ከፍ ብላ።

ከፍ ካለች ጣጣው ብዙ ነው። መብራት ኃይሉ፣ ክፍለ ግዛቱና የወንዙ ነባር ጎሳ የተፈራረሙት ስምምነት አለ፤ ከሁሉ በላይ ያለው ጎጆ የቱ ጋ ነው ተብሎ ይታይና፣ ግልገሎቹ በረዶው ካለፈ በኋላ በጸደይ ወጥተው እስኪዋኙ ድረስ ወንዙ ከዚያ በታች እንዳይወርድ ይደረጋል። ወለል ይሉታል። ወለሉ ከፍ ካለ በበረዶው ወራት ውሃ ቆጥቦ ለከፋ ቀን ማቆየት የለም፤ ብርዱ ሲጠና መብራት ከሌላ አገር በውድ ይገዛል። የሚከፍለው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን ያው የአውራጃው ሰው ነው፤ ድርጅቱ የእሱ፣ ቦርዱም እሱ የመረጠው ነውና።

ከግድቡ በታች፣ ኮይል በሚባለው የጠጠር ሜዳ ላይ የዝቅተኛውን ወለል ልክ የሚያሳይ አንድ የዛገ የብረት ካስማ ተተክሏል። የቨርና ካስማ ይባላል። እሷ ሥራውን ከያዘች ወዲህ አንዲትም ዓሣ ከካስማው በላይ ጎጆ ሠርታ አታውቅም፤ ይህን ደግሞ ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው ነው። የቼሪ ገበሬው፣ የነዳጅ ማደያው ሰው፣ ሁሉም ያወራዋል። ቨርና ለገና ጡረታ ልትወጣ ስለሆነ ቦርዱ በገበሬዎች አዳራሽ ራት እያዘጋጀላት ነበር፤ ንግግሩም ስለዚያው ካስማ እንደሚሆን ሹክ ብለዋታል። እሷም አፏ "ምን ያደርግልኛል" ይላል፣ ሆዷ ግን በኩራት ሞልቷል። መቼም ዕድሜ ልኩን አንድ ነገር ሳያበላሽ ለኖረ ሰው ይህች ኩራት አትበዛበትም።

የኅዳር እሑድ ጠዋት ፋብሪካው ዝግ፣ ሰዉም ተኝቶ ስለሚያረፍድ መብራት የሚፈልግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ወንዙ እስከ መጨረሻው ይወርድና የሦስቱም ወገን ሰዎች እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለብሰው ጠጠሩ ላይ አብረው ይሄዳሉ፤ ጎጆ ያያሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይስማማሉ። አዲስ የመጣ ሰው ዶናት ማምጣት አለበት፤ ይህም ስምምነቱ ላይ ያልተጻፈ፣ ግን ከተጻፈው በላይ የሚከበር ሕግ ነው። በዚያ እሑድ ተራው የአዲሱ ሥራ አስኪያጅ የትሬንት ኦካዳ ነበር። ትሬንት ከሲያትል በቅርቡ የመጣ፣ ጨዋ፣ ሁሉን በእርስዎ የሚጠራ ወጣት ነው። ለጤና ጥሩ ነው ብሎ ከስንዴ ፍሩሽካ የተጋገረ ደረቅ ኬክ በሳጥን ይዞ መጣ።

የጎሳው የዓሣ ክፍል ኃላፊ ዴልበርት አንዱን አነሣና አገላብጦ አየው። ዴልበርት ግዙፍ ነው፤ ሹክ አልኩ ሲል ማዶ ይሰማል። "እንዴት ያለ ደግ ሰው ነህ" አለው ትሬንትን፤ "ለፈረሶቼ ምን ልውሰድላቸው ብዬ ተጨንቄ ነበር።"

ትሬንት እስከ ጆሮው ቀላ፤ ቨርና ግን አንዱን አነሣችለትና እያየች ገመጠች። ማኘኩ ጊዜ ቢወስድባትም አላማረረችም።

ቨርናና ዴልበርት በዚህ ሜዳ ላይ ስንት ዓመት እንደተጨቃጨቁ እነሱም አያውቁትም። እሱ ጉድጓድ ባየ ቁጥር "እነሆ ጎጆ" ይላል፤ እሷ ደግሞ ሽንጧን ገትራ "ይሄ የጀልባ ሆድ የፋቀው ነው" ትላለች። እሱ ወለሉ ከፍ እንዲል፣ እሷ ዝቅ እንዲል። ሥራቸው ነው። ሲጨርሱ አንድ ጠረጴዛ ላይ እንቁላልና ድንች ጥብስ ይበላሉ፤ ባሏ የሞተ ጊዜ ጣሪያዋ ላይ ወጥቶ በረዶውን የጠረገላት ዴልበርት ነበር።

የዚያን ቀን ከሁሉ ቀድማ ካስማው ጋ የደረሰችው ቨርና ናት። ከልማድ የተነሣ ወደ ላይ ዞር ብላ አየች፤ ማየት ብቻ እንጂ ምንም አልጠበቀችም። ከካስማው በላይ፣ አልጋ በሚያክል ቦታ ላይ፣ ጠጠሩ ነጣ ብሎ ታየ። ሌላው ድንጋይ ሁሉ በአረንጓዴ አልጌ ጠቁሯል፤ ይህ ግን ተገልብጦ ታጥቧል፣ መሐሉ ጎድጎድ፣ ከግርጌው ጉብ ብሏል። እንዲህ አድርጎ የሚያጥብ የሳልመን ጅራት ብቻ ነው። የትኛው ቀን እንደተሠራም ወዲያው አወቀች።

ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ነው። የዴልበርት አክስት ኦፓል ከማዶ ባለችው ደሴት ላይ የተወለዱ፣ ግድቡ ከመሠራቱ በፊት የነበረውን ወንዝ በዓይናቸው ያዩ አሮጊት ናቸው። በረዶ ሳይጥል አንዴ እግሬን ላሳርፍባት አሉ። ወደ ደሴቷ የሚወስደው ጠባብ የውሃ መንገድ ግን በመከር ቀን ቀን ጀልባ አያስገባም፤ ሌሊት ደግሞ አሮጊት ይዞ ወንዝ አይገባም። ዴልበርት ደወለና ሲያፍር ሲተባተብ ቆይቶ "ይቅር፣ እንዳልጠየቅኩሽ ቁጠሪው" ብሎ ስልኩን ዘጋው። ቨርና ትንሽ ቁጭ ብላ አሰበችና ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሠራተኛ ለራስቲ ደውላ፣ ከምሳ በኋላ ውሃውን ለጥቂት ሰዓት ከፍ አድርግ አለችው። ራስቲም ከካስማው በላይ እንደሚሄድ አስታወሳት። ታውቃለች። ሕግ አልጣሰችም፤ የጣሰችው የራሷን ልማድ ነው። ለዚያች ለአጭር ጊዜ ደግሞ የትኛዋ ዓሣ ትመጣለች ብላ ነበር።

አክስት ኦፓልን ዴልበርት አዝሎ ከጀልባው ሲያወርዳቸው ቨርና ወንዙ ዳር ቆማ አይታለች። አሮጊቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳቦ በዓሣ በሉ፤ ዘመዶቻቸው በዝምታ እንደ ቤተ ክርስቲያን ቢከቧቸው፣ የተቀመጣችሁት የአጎቴ ውሻ የተቀበረበት ላይ ነው ብለው ሁሉንም አስነሷቸው። ሳቃቸው እስከ ማዶ ተሰማ።

ዴልበርት አሁን ከኋላዋ መጣና ነጣ ያለውን ጠጠር አየው። ከዚያ እሷን አየ። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣

"ይህ ጎጆ አይደለም" አለ።

የክፍለ ግዛቱ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ዴልበርት ጎጆ አይደለም ሲል ሰምተው አያውቁም።

"ጎጆ ነው" አለች ቨርና።

"ጀልባ ነው የፋቀው።"

"የምን ጀልባ? ዓይንህን ምን ነካው?"

ትሬንት የጎማ ሱሪው ሰፍቶት እየተንገዳገደ ደረሰ። ሁለቱ እንደሚጨቃጨቁ ተነግሮት ነበር የመጣው፤ ግን የትኛው የማን ወገን እንደሆነ ግራ ገባው። ነገሩ ሲገለጥለት ቨርናን ወደ ጎን ሳብ አደረጋት። በትሕትና ነው የተናገረው፤ ለዓሣዎቹ የሚሟገቱት ሰውዬ ራሳቸው ካልጠየቁ መብራት ኃይሉ ለምን ያን ሁሉ ወጪ በራሱ ላይ ይጭናል፣ እርስዎስ በመጨረሻ ዓመትዎ ለምን ስምዎን ያጎድፋሉ አላት። ክፉ ሰው አይደለም። ሥራው ነው።

የቨርና ልብ አልተፈተነም ማለት ውሸት ነው። አንዴ ራሷን ነቅነቅ ብታደርግ ካስማው በቦታው ይኖራል፣ ራቱም ንግግሩም እንዳማረበት ይሆናል፣ የአውራጃውም ሰው ሂሳቡ አይጨምርበትም። ማንም አይጠይቃትም። ብርዱ ሲጠና ወንዙ ወደ ታችኛው ወለል ይወርድና ይህ ጠጠር ይደርቃል፣ ውስጡ ያለውም አብሮ ይደርቃል። ያን ጊዜ እሷ ቤቷ እሳት ዳር ናት፤ ግን እሳቱ ዳር ሆና ምን እንደምታስብ ከአሁኑ ታወቃት። አልወደደችውም። ጎጆ ነው ብላ ደገመች።

ዴልበርት ክንዷን ይዞ ወደ ውሃው ዳር ወሰዳት። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል።

"አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? ዝም ብትይ ምን አለበት?"

"አንተስ ምን ነካህ? አንተ ነህ የምትዋሸው።"

"ውሃውን የለቀቅሽው ለእኔ ብለሽ ነው። አሁን እኔ አፌን ሞልቼ ከካስማው በላይ ጎጆ አገኘሁ ልበል? ምን ዓይነት ሰው ነኝ?"

"ዓሣዋስ?"

"አንዲት ዓሣ ናት፣ ቨርና።"

"ማን ነው አንዲት ዓሣ ናት ያለው? አንተ?"

ዴልበርት ቀና ብሎ ኮረብታውን አየ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ። ይሉኝታ ግዙፍ ሰው ላይ ሲወድቅ ያሳዝናል።

ይህን ጊዜ ከመንገዱ በኩል የመኪና ጡሩንባ ጮኸ። አክስት ኦፓል ናቸው። በየእሑዱ ከዴልበርት ጋር ይመጡና መኪናው ውስጥ ማሞቂያ አስከፍተው የሲያትልን የኳስ ጨዋታ በሬዲዮ ይጠብቃሉ። ጡሩንባው ኑ ማለት ነው፤ ሁለቱም እንደ ተማሪ ሄዱ። አሮጊቷ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ጨዋታው ሊጀመር ምን ቀረው፣ ዛሬ ምን አስረዘማችሁ አሉ። ዴልበርት ምንም አይደለም አለ። ቨርና ግን የሆነውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

አክስት ኦፓል ሬዲዮውን ዘጉት። ለጨዋታ የተከፈተ ሬዲዮ ሲዘጉ ያየ የለም።

"በእኔ ስም ነው የምትዋሸው?" አሉት የወንድማቸውን ልጅ።

"አክስቴ፣ እሷ እኮ ለእኛ ብላ..."

"ሰማሁ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው ቤቴ የገባሁት። ይሄው እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። አሁን የዚያች እናት ልጆች በአንቺ ምክንያት ደርቀው ቀሩ ብትለኝ፣ ያን ደስታ ምን አድርጊው ትለኛለህ? ልትፋው?"

ዴልበርት አንገቱን ደፋ።

"እርስዎ ደግሞ" አሉ ወደ ቨርና ዞረው፤ "አበላሸሁ ብለው እንዳያዝኑ። ዕድሜዎን ሙሉ ይህን ወንዝ ሲገሩት ኖረው፣ አንድ ቀን አሮጊት አሻገሩበት። ይህ ጥፋት ከሆነ ሌላም ይጨምሩበት።" መስኮቱን ዘጉና ሬዲዮውን መልሰው ከፈቱ።

ዴልበርት ወደ ሜዳው ተመልሶ፣ ተሳስቻለሁ፣ ጎጆ ነው አለ። ይህንንም ከአፉ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም፤ የክፍለ ግዛቱ ሰዎች በአንድ ጠዋት ሁለት ተአምር አዩ። ትሬንት ግን አሁንም አንድ ጥያቄ ነበረው፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሳልመን አንዳንዴ ለሙከራ ቆፍራ፣ ቦታው ሳያምራት ሲቀር ትታ እንደምትሄድ አንብቧል። ባዶ ጉድጓድ ከሆነስ? ለባዶ ጉድጓድ ሲባል ክረምቱን ሙሉ ወንዝ ተይዞ ቢቆይ ለቦርዱ ምን ይላል?

ለዚህም በኮይል ሜዳ ልማድ አለ። እንቁላል አለ የለም ብሎ ጎጆ የሚቆፍር የለም፤ ሰው ሲጣላ ዓሣዋ ትጠየቃለች። እናቲቱ እንቁላሏን ከቀበረች በኋላ ነፍሷ እስክትወጣ ጎጆዋን ትጠብቃለች፤ ውሃው ሸሽቶ ቢያባርራት እንኳ ሲመለስ አብራ ትመለሳለች። ከመጣች ጎጆ ነው፣ ካልመጣች ሌላ ነገር ነው። ወንዙ ደግሞ እስኪመሽ ያን ያህል አይነሣም። ስለዚህ መጠበቅ ነው።

ጠበቁ። የክፍለ ግዛቱ ሰዎች በራሱ መኪና ውስጥ የሚጠብቅ አንድ ሰው ትተው ጨዋታቸውን ለማየት ሄዱ። ትሬንት አልሄደም። ነፋሱ አጥንት ሲሰብር ቨርና፣ ዴልበርትና ትሬንት መኪናው ውስጥ ገብተው ከአክስት ኦፓል ጋር ተጠጋግተው ተቀመጡ፤ ትሬንት መሐል ላይ ሆኖ ሲያትል ኳሱን በጣለ ቁጥር የአሮጊቷ ክርን ጎኑን ይነካው ነበር። ርቦት ስለነበር የራሱን ኬክ በላ። ዴልበርትም አንድ ወሰደ፣ ሁለተኛም ወሰደ፤ ፈረሶቹን ግን አላነሣም።

ወንዙ ያን ቅዳሜ ለምን ከፍ እንዳለ ትሬንት ጠየቀ። ቨርና ሳትደብቅ ነገረችው፤ የመቆጣት መብት እንዳለውም አልዘነጋችም። እሱ ግን አክስት ኦፓልን ዞር ብሎ አየና፣

"ደስ አለዎት?" አላቸው።

"የውሻውን መቃብር አገኘሁት" አሉ።

ትሬንት ራሱን ነቀነቀ። ለቦርዱ እኔ አስረዳለሁ ሲልም ቨርና እምቢ አለች፤ የእኔን እኔ ነኝ የምናገረው አለች።

ከመኪናው መስኮት ወንዙን እያየች ያለፉትን ዓመታት አሰበች። የእሷ ሥራ ደህና ሲሠራ ማንም ልብ አይለውም፤ ቀኑ ያልፋል፣ አምፖሉ ይበራል፣ ዓሣው ይወልዳል፣ ሰው ይተኛል። ከዚያ ሁሉ ደህና ቀን አንዱን ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። የሚመጣላት ያ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ውሃው በጠባቡ መንገድ እየሞላ ሲገባ፣ ጀልባዋ ስትነሣ። ደስ አላት። እንዲያውም ከጠዋት ጀምሮ ደስ ሲላት እንደነበር፣ ግን ጊዜ አግኝታ እንዳላየችው ተሰማት። ካስማው የቱም ጋ ይተከል።

ፀሐይዋ ወደ ኮረብታው ጫፍ ስትጠጋ ውሃው መነሣት ጀመረ። መጀመሪያ ካስማው እግር ሥር ደረሰ፣ ከዚያ አለፈው፣ ከዚያ ነጩ ጠጠር ላይ ቀስ ብሎ ተዘረጋ። አራቱም ከመኪናው ወርደው ቆሙ፤ አክስት ኦፓል በዴልበርት ክንድ ተደግፈዋል። ጎጆው ሙሉ በሙሉ ተሸፈነ። ምንም የለም። ትሬንት አንድ ነገር ሊናገር ሲል አሮጊቷ ክርናቸውን አነሡና ዝም አሰኙት።

መጣች። መጀመሪያ የጀርባዋ ክንፍ ብቻ ነበር የታየው። ጅራቷ ከመቆፈር ብዛት አልቆ ነጭ ሆኗል፣ ጎኗ ቆሳስሏል፣ የምትዋኘውም እየዘመመች ነው። ሌላ ቦታ ሳትፈልግ፣ ሳትዞር፣ ቀጥ ብላ ሄዳ ነጩ ጠጠር ላይ ቆመች። አፏን ወደ ላይኛው ወንዝ አዙራ ጅራቷን ቀስ እያለች ታወዛውዝ ጀመር።

"እሷ ናት?" አለ ትሬንት በሹክሹክታ።

"እሷ ናት" አለ ዴልበርት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ሆነለት።

ቨርና መነጽሯን ለመፈለግ ኪሷን ዳበሰች፣ ከግንባሯ ላይ አወረደችው፣ ከዚያም ስልኳን አውጥታ ራስቲ ጋ ደወለች።

"ራስቲ፣ የክረምቱን ወለል ከፍ አድርገህ ያዝልኝ። እስከ ጸደይ።"

ራስቲ የትኛውን ወለል ማለቷ እንደሆነ ስላልገባው እስከ የት ነው የማደርገው ብሎ ጠየቃት።

"እሷ እስካለችበት" አለች ቨርና።

ከዚህች ሴት ጋር በሠራበት ዘመን ሁሉ ያለ ቁጥር ትእዛዝ ሰጥታው ስለማታውቅ ራስቲ እርሳሱን ይዞ ጠበቃት። እሷም ሳቀች፤ ሳቋን ስትጨርስ ቁጥሩን ነገረችው።